መግቦተ እግዚአብሔርና የሴል በሮች

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

ባለፈው እግዚአብሔር በስድስቱ ቀናት 22ቱን ፍጥረታት እንደፈጠረ ተምረናል። የዛሬው ትምህርት ስለ መግቦት ነው። እግዚአብሔር ፈጥሮ አልተወም፤ የፈጠረውን በየቅጽበቱ ይመግባል፣ ይጠብቃል። «እንዴት?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት የሚመስለው አለ። ድፍረት አይደለም፤ ስለዚህ ዛሬ ረጋ ብለን እንጠይቅ።

ከአሰላ እስከ በቆጂ ማልደው የሚሮጡትን ልጆቻችንን አስቡ፤ ኃይሌ ገብረ ሥላሴና ደራርቱ ቱሉም በዚሁ ደጋ ነው ያደጉት። ሯጭ እግሩን ባነሣ ቁጥር፣ ልቡም በመታ ቁጥር፣ በነርቩና በጡንቻው ሴሎች ሽፋን ላይ ያሉ ረቂቅ በሮች ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። ሶዲየም ይገባል፤ ፖታሲየም ይወጣል። ልባችንን ምታ ብለን አናዘውም፤ ተኝተንም ይመታል።

የሳይንስ ሊቃውንትን ያስቸገራቸው አንድ ነገር ነበር። የፖታሲየም አዮን፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ሙል የያዘው አተም፣ ከሶዲየም አዮን ይበልጣል። ትልቁን የሚያሳልፍ በር ትንሹን እንዴት ይከለክላል? ያውም በሴኮንድ እስከ 100 ሚሊዮን አዮን እያሳለፈ!

መልሱን ያገኘው በ1956 እ.ኤ.አ. የተወለደው አሜሪካዊው ሮድሪክ ማኪነን ነው። ሐኪም ነበር፤ 30 ዓመት ገደማ ሲሆነው ሕክምናውን ትቶ ወደ ቀድሞ መምህሩ ቤተ ሙከራ ተመለሰ። በሃርቫርድ ፕሮፌሰር ከሆነ በኋላም የበሩን ቅርጽ ሳያይ ምስጢሩ እንደማይፈታ ስለተረዳ፣ በ1996 ወደ ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ሄዶ ክሪስታልን በኤክስሬይ መመርመርን እንደ ጀማሪ ተማረ። ባለቤቱ፣ ኬሚስቷ አሊስ ሊ፣ አብራው ሠራች። ፕሮፌሰር ሆኖ እንደገና ተማሪ መሆን፣ እኔ በኋላ ካገኘው ሽልማት ይልቅ የማከብርለት ይህንን ነው። በ1998 ቅርጹን ይፋ አደረገ፤ በ2003 የውሃን መተላለፊያ ካገኘው ከፒተር አግሬ ጋር የኬሚስትሪ ኖቤልን ተቀበለ።

ያየው ይህ ነው። ፖታሲየም በፈሳሽ ውስጥ ሲሆን ውሃን እንደ ልብስ ለብሶ ነው። በሩ ጠባብ ስለሆነ ልብሱን አውልቆ መግባት አለበት፤ በውስጥ ግን የኦክስጅን አተሞች ልክ በእርሱ መጠን ተደርድረው ይቀበሉታል። ሶዲየም ትንሽ ነው፤ ኦክስጅኖቹ አይደርሱለትም፤ ስለዚህ ውሃውን ለብሶ ውጭ ይቀራል።

ይህን ያየው በአፈር ከሚኖር ባክቴሪያ በተገኘ በር ላይ ነው፤ በእኛም ልብ ያለው የዚያ ዘመድ ነው። አዳም ከምድር አፈር መፈጠሩን ለምናምን ይህ ደስ ያሰኛል። ይሁን እንጂ ማኪነን ሃይማኖት ሊያስተምር አልተነሣም፤ ሥራውን የእምነታችን ማስረጃ አድርገን አንጎትተው። እምነታችን የቆመው በዚህ ግኝት ላይ አይደለም። አሠራሩ ስለታወቀም መጋቢው አያስፈልግም ማለት አይደለም፤ የታወቀው የሚመግብበት መንገድ ነው።

ወደ ማሳችን እንምጣ። በደጋው አፈሩ አሲዳማ በሆነበት ቦታ አሉሚኒየም ይሟሟና የስንዴውን ሥር ጫፍ ያቀጭጫል። አንዳንዱ የስንዴ ዝርያ ግን በሥሩ ጫፍ ላይ አሉሚኒየም ሲነካው የሚከፈት በር አለው፤ በዚያ ማሌት የተባለ ንጥረ ነገር ያወጣል፤ ማሌቱም አሉሚኒየሙን ይዞ ጉዳቱን ያበርደዋል። የጃፓን ተመራማሪዎች የዚህን በር ዘረ መል በ2004 አስታውቀዋል። ሌላው ዝርያ ይህ ጥበቃ የለውም፤ ገበሬው ኖራ በትኖ አፈሩን ያክማል። ታዲያ የገበሬው ኖራ ከመግቦት ውጭ ነው ወይስ በመግቦት ውስጥ? እስከ ሳምንት አስቡበት፤ ከዚያው እንቀጥላለን።