ምጣኔ ሀብትን በዐይነ ኅሊና ስለ መማር

ብዙ ተማሪ የምጣኔ ሀብት ትምህርት የቃል ጥናት ብቻ ይመስለዋል። «ዋጋ ሲወደድ ፈላጊው ይቀንሳል» የሚለውን ሕግ በቃሉ ይይዛል፤ መምህሩ ሥዕሉን በሰሌዳ ላይ ሲሥሉት ግን ግራ ይገባዋል። አንዱ ምክንያት የቦታ አስተውሎ ማነስ ነው፤ ይኸውም የነገርን ቅርጽ፥ አቅጣጫና ርቀት በዐይነ ኅሊና አይቶ የማገናዘብ ችሎታ ነው።

እንግሊዛዊው ሊቅ አልፍሬድ ማርሻል በ1890 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ያስፋፋውን ሥዕል እንመልከት። ወደ ላይ በቆመው መሥመር ዋጋ፥ ወደ ጎን በተጋደመው መጠን ይጻፋል። የፈላጊው መሥመር ከግራ ወደ ቀኝ ይወርዳል፤ የአቅራቢው ይወጣል፤ በሚገናኙበት ነጥብ ገበያው ይረጋል።

አስቸጋሪው ነገር በመሥመሩ ላይ መጓዝንና የመሥመሩን መዛወር መለየት ነው። ለምሳሌ ያህል፥ በ2004 ዓ.ም. በከምባታ በሀደሮ አካባቢ የዝንጅብል አጠውላጊ በሽታ ገብቶ ብዙ ማሳ አጠፋ። ገበሬው ዋጋ ረክሶበት ያቀረበውን ቀንሶ ቢሆን ኖሮ፥ በዚያው መሥመር ላይ ወረደ እንል ነበር። ነገር ግን በማናቸውም ዋጋ የሚቀርበው ዝንጅብል ስላነሰ የአቅራቢው መሥመር በሙሉ ወደ ግራ ተዛወረ። አዲሱን መገናኛ ነጥብ በአሳቡ የሚያይ ተማሪ፥ ፈላጊው ካልተለወጠ ዋጋው እንደሚወደድ፥ የሚሸጠውም እንደሚያንስ ማንም ሳይነግረው ይደርስበታል። የሚሸመድደው ግን «ዋጋ ከተወደደ ገበሬው ተጠቀመ» ብሎ ይፈርዳል። ማሳው የጠፋበት ገበሬ ምን ይዞ ገበያ ይወጣል?

ርቀትም እንዲሁ ነው። ጀርመናዊው ፎን ቲውነን በ1826 እ.ኤ.አ. በከተማ ዙሪያ ያለው መሬት እንደ ማጓጓዣው ወጪ በክብ በክብ ተከፍሎ ለልዩ ልዩ ምርት እንደሚውል አስረዳ። በሀድያና በከምባታ የገበሬውን ግቢ ያየ ሰው ነገሩ አይከብደውም። ፍግ የሚሻው እንሰት ከቤቱ አጠገብ ይተከላል፤ እህሉ ራቅ ብሎ ይዘራል። ፍጉን ተሸክመው የሚያደርሱ እናቶቻችን ርቀት ወጪ መሆኑን ያውቃሉ።

ይህ ችሎታ በልምምድ እንደሚጨምር የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል። ስለዚህ ጓደኞቼ ሆይ፥ ሥዕሉን ካየን በኋላ መጽሐፉን ዘግተን በገዛ እጃችን ደግመን እንሣለው፤ የሆሳዕናን ወይም የዱራሜን ገበያ ዋጋ ጠይቀን እንሙላበት። ወላጆቻችንም ስለ ገበያ ስንጠይቃቸው ቢያጫውቱን፥ ትምህርታችንን አገዙ ማለት ነው።