ጠግቧል እንጂ አልሞተም

ባለፈው ዓመት ነሐሴ ላይ የቤታችን ውሃ ማጣሪያ ጠብታውን ነፈገን። ማታ የሞላነው ውሃ ጠዋት ስንነሣ ግማሹ ገና ከላይ ቆሞ ይጠብቀናል። ማጣሪያውን የገዛነው ሰኔ ላይ ነበር። ባለቤቴ «ተበላሽቶብናል» አለች፤ እኔም አምኜ ለሌላ ማጣሪያ የሚሆን ብር መቁጠር ጀመርኩ። እማማ የምንላቸው ጎረቤታችን ቡና ሊጠጡ መጥተው ነገሩን ሰሙ። ክዳኑን ከፍተው ወደ ውስጥ አዩና «ልጄ፣ ይኼ እኮ ጠግቧል እንጂ አልሞተም» አሉኝ።

ንጹሕ ውሃ በሳፋ አስመጡ። ነጩን ሸክላ፣ እኛ ሻማ የምንለውን፣ ከሥሩ ያለውን ዳዶ ፈትተው አወጡት። ነጭ መሆኑ ቀርቶ የተቆላ ገብስ መስሏል። ለስላሳ ስፖንጅ አርጥበው ቀስ እያሉ ዙሪያውን ሲያሹት ቡናማው ልባስ እየተገፈፈ ሳፋው ውስጥ ወረደ፤ ሸክላውም እንደ ተገዛበት ቀን ነጣ። አሥር ደቂቃ አልፈጀባቸውም። ማታ እራት ሳይቀርብ የታችኛው ባልዲ ተጋምሶ ነበር።

እኔ ግን ዓይኔ ከሳፋው ላይ አልተነሣም። እዚያ የተንሳፈፈው ጭቃ ልጆቼ ሊጠጡት የነበረ ጭቃ ነው። ማጣሪያው የዘገየው ሥራውን ስለሠራ ነው፤ ያስቀረው ሁሉ በላዩ ላይ ተከምሮ መተንፈሻ አሳጣው። ስለዚህ ወዳጆቼ፣ ማጣሪያችሁ ሲዘገይ ተስፋ አትቁረጡበት። የሚፈልገው አሥር ደቂቃችሁን ነው፤ አሥር ደቂቃ ደግሞ ሁላችንም አለን!

ይህ ሻማ ረጅም ታሪክ አለው። በ1884 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ውስጥ፣ ከሉዊ ፓስተር ጋር ይሠራ የነበረው ሻርል ሻምበርላን ውሃን እያሳለፈ ባክቴሪያን የሚያስቀር የፖርስሊን ቱቦ ሠራ። ፈረንሳዮቹም ያንን ቱቦ በቋንቋቸው ሻማ አሉት። ዛሬ በየቤታችን ያለው ሸክላም በዚያው መንገድ ይሠራል። የቀዳዳዎቹ ስፋት የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ እንኳ አይሞላም፤ ቆሻሻው ወደ ውስጥ መግባት ስለማይችል ከውጭ ገጹ ላይ ይቀራል። በማሸት ብቻ የሚታደሰውም ለዚህ ነው። በ1892 እ.ኤ.አ. ሩሲያዊው ዲሚትሪ ኢቫኖቭስኪ የታመመ የትምባሆ ቅጠል ጭማቂ በዚሁ ሻማ አሳልፎ፣ በሽታው አብሮ እንደሚያልፍ አየ። ቫይረስ የሚባለው ነገር መታወቅ የጀመረው እንዲህ ነው። ለእኛ የሚሆነው ትምህርት ግልጽ ነው፦ ሸክላው ባክቴሪያን ያስቀራል፣ ቫይረስ ግን ሊያልፈው ይችላል። ጨቅላ ሕፃን ወይም በሽተኛ ባለበት ቤት የተጣራውን ውሃ አፍሉት። አዲስ አበባን በመሰለ ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ላይ ውሃው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። ወይም እንደ ውሃ አጋር ያለ ማከሚያ በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን ጨምሩበት።

አሁን ወደ እጥበቱ። አስቀድማችሁ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ ሻማውን ግን ሳሙና አታስነኩት። ሸክላው ሳሙናውን ይጠጣና ለብዙ ቀን ውሃችሁ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። የፈላ ውሃም አይሆነውም፤ ድንገተኛ ሙቀት ሊሰነጥቀው ይችላል። የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ የሚያነሣ ሰው ካለ ደግሞ እባካችሁ እጁን ያዙልኝ! ለስላሳ ስፖንጅ ወይም አዲስ የጥርስ ብሩሽና ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ይበቃል። ከታጠበ በኋላ መጀመሪያ የሚወርደውን ውሃ ለአበባው ስጡት።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ማሸት ሸክላውን በትንሽ በትንሹ ይበላዋል። ስለዚህ በየሁለት ቀኑ መታጠብ ትጋት ቢመስልም ዕድሜውን ያሳጥራል። ሲዘገይ ብቻ እጠቡት። አንዳንዱ ሻማ ከመለኪያ ቀለበት ጋር ይሸጣል፤ ቀለበቱ በሻማው ወገብ ላይ ማለፍ ሲጀምር ሸክላው ሳስቷልና በአክብሮት ይሰናበት።

እኔን የሚያስፈራኝ ድንገት የፈጠነ ማጣሪያ ነው። ትናንት ጠብ ጠብ ይል የነበረው፣ ሳይታጠብ ዛሬ ቢንዠቀዠቅ ደስ አይበላችሁ። ወይ ዳዶው ላልቷል፣ ወይ የጎማ ቀለበቱ ተጣሟል፣ ወይ ሸክላው ተሰንጥቋል። ሻማውን አርጥባችሁ ብርሃን ላይ አገላብጡት፤ ፀጉር የመሰለ ጥቁር መስመር ካያችሁ ሥራው አብቅቷል። ከእጅ ወድቆ የነበረ ከሆነም፣ ስንጥቅ ባይታያችሁ እንኳ ቀይሩት። ዓይን የማያየው ስንጥቅ ለባክቴሪያ ሰፊ በር ነው።

የማጣሪያን ዕድሜ በእውነት የሚያረዝመው ግን ውሃው ወደ እሱ ከመድረሱ በፊት የምታደርጉት ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የምትኖሩ ይህን በደንብ ታውቁታላችሁ፤ ከቀናት በኋላ ቧንቧው ሲከፈት መጀመሪያ የሚመጣው በመስመሩ ውስጥ ተኝቶ የሰነበተ ዝገትና አሸዋ ነው። ያንን ድፍርስ ለወለልና ለመጸዳጃ ቤት በባልዲ ያዙት፤ ለማጣሪያው የጠራውን ቅዱለት። ድፍርስ ብቻ ካላችሁ በጀሪካን አሳድሩት። ሌሊቱን ይጠልላል፤ ጠዋት ዝቃጩን ሳታናውጡ ከላይ ከላዩ ቅዱ። ከዚያ ንጹሕ አቡጀዴ አራት ጊዜ አጥፋችሁ የማጣሪያው አፍ ላይ ዘርጉበት። ቀላል ነገር ነው ብላችሁ አትናቁት። በባንግላዲሽ ገጠር ሴቶች ያረጀ ሳሪያቸውን እንዲህ አጥፈው ውሃ ሲቀዱበት ኮሌራ በግማሽ ገደማ መቀነሱን በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አሳይቷል። አንድ ጨርቅ ይህን ካደረገ፣ ከጨርቁ ሥር ሻማ ያለው ቤትማ እንዴት ያለ ጸጋ አለው! ሮቶ ያላችሁም ሥሩ የተኛውን ጭቃ በዓመት አንድ ጊዜ አስጠርጉ።

ብዙ ቤት የሚረሳው የታችኛውን ባልዲ ነው። የተጣራው ውሃ የሚቀመጠው እዚያ ነውና እሱ ከቆሸሸ ሻማው በከንቱ ደከመ። በየሳምንቱ በሳሙና እጠቡት፣ በተጣራ ውሃ አለቅልቁት፣ ከዚያ ደፍታችሁ በራሱ ይድረቅ፤ በፎጣ አትወልውሉት። የቧንቧውን አፍም አትርሱት። የልጆች እጅ ቀኑን ሙሉ የሚነካው እሱን ነው።

ከሰል ያለበት ማጣሪያ ጠባዩ ሌላ ነው። ከሰሉ ሽታንና የክሎሪን ጣዕምን ይመጥጣል፤ አቅሙ ሲያልቅ ግን እንደ ሸክላው በመዘግየት አይነግራችሁም፣ ዝም ብሎ ያሳልፋል። ስለዚህ የጀመራችሁበትን ቀን በፕላስተር ላይ ጽፋችሁ ክዳኑ ላይ ለጥፉ፤ አምራቹ የወሰነው ጊዜ ሲደርስ ቀይሩት። ከማጠቢያ ገንዳ ሥር የሚገጠም ባለብዙ ደረጃ ማጣሪያ ያላችሁ ደግሞ ፊት ያለውን፣ ደለል የሚይዘውንና ርካሹን ክፍል በጊዜው ለውጡ። ከኋላው ያለውን ውዱን ሜምብሬን የሚጠብቅላችሁ እሱ ነው። በስምጥ ሸለቆ፣ በዝዋይና በወንጂ አካባቢ ላላችሁ አንድ አደራ አለኝ፦ የዚያ አካባቢ የከርሰ ምድር ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ሸክላ ሻማ ፍሎራይድን አያስቀርም። ውሃችሁን አስመርምሩና ለእሱ የሚሆነውን ማጣሪያ ምረጡ።

እኛ ቤት ጳጉሜን የማጣሪያ ወር ሆናለች። ቤቱ ለዘመን መለወጫ ሲጸዳ ማጣሪያውም ተፈትቶ ይመረመራል። ዘንድሮ ጳጉሜን 3፣ በሩፋኤል ዕለት፣ ልጆቹ በዝናብ ርሰው እየሳቁ ገቡ። ትንሿ ልጄ ፀጉሯ ሳይደርቅ እጇን ታጥባ ሳፋውን አቀረበች፤ እማማም በርጩማቸውን ሳቡ። ያ «ተበላሽቷል» ያልነው ሻማ ከተገዛ ዓመት አልፎታል። ልጄ ቀለበቱን ብታስገባው ወገቡ ላይ አለፈ። «እማማ፣ አሁንስ?» ብላ ቀና አለች። «አሁንማ ደክሞታል፤ ይረፍ» አሏት። አዲሱን ሻማ አጥባ ስትጨርስ ፕላስተር ቆረጠችና በራሷ እጅ ቀኑን ጽፋ ክዳኑ ላይ ለጠፈችው።