ተመላላሽ የውሃ ፓምፕ ሲታወክ ምክንያቱ እንደምን ይመረመራል?

በመንደር ጉድጓድ ላይ ቆሞ በእጅ የሚሠራው የውሃ ፓምፕና በፋብሪካ ውስጥ በሞተር ኃይል የሚንቀሳቀሰው ታላቁ ተመላላሽ ፓምፕ በመልክ እጅግ ቢለያዩም በአሠራራቸው ወንድማማቾች ናቸው። በሁለቱም ውስጥ ሲሊንደር የሚባል ቱቦ፥ በርሱም ውስጥ የሚመላለስ ፒስተን፥ ደግሞም ውሃውን ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚያሳልፉ ቫልቮች ይገኛሉ። ቫልቭ ማለት ውሃ ሲገፋው የሚከፈት፥ ውሃው ወደ ኋላ ልመለስ ሲል የሚዘጋ መዝጊያ ነው። በመንደሩ ፓምፕ ፒስተኑ ወደ ላይ ሲሳብ የታችኛው ቫልቭ ተከፍቶ ውሃ ወደ ሲሊንደሩ ይገባል፤ ፒስተኑ ሲወርድ የታችኛው ተዘግቶ በፒስተኑ ላይ ያለው ቫልቭ ይከፈታል፤ ውሃውም በፒስተኑ ውስጥ አልፎ ከበላዩ ይሆናል፤ ዳግመኛ ሲሳብም ተሸክሞት ይወጣል።

ይህን የሚጽፈው ሰው በአንድ የደጋ መንደር ያየውን ይናገራል። የመንደሩ ፓምፕ ንጋት ላይ መልካም ውሃ ይሰጥ ነበር፤ ረፋድ ሲሆን ግን እጀታው እየተመላለሰ ውሃው ይጠፋል። ሕዝቡ ከየቤቱ ገንዘብ አዋጥቶ የፒስተኑን ጎማ አስለወጠ፤ ለውጥ ስላልተገኘ ሁለተኛ አዋጥቶ ዳግመኛ አስለወጠ። በዚያ ወራት ልጃገረዶቹ ወደ ወንዝ እየወረዱ ትምህርት ቤት የሚደርሱት የመጀመሪያው ሰዓት ካለፈ በኋላ ነበር። ኋላ አንድ ሽማግሌ፥ «ጎማው ያለቀ ከሆነ ሌሊት ሲያርፍ ስለ ምን ይድናል?» ብለው ጠየቁ። ነገሩም እንዳሉት ሆነ። ያለቀ ጎማ በማረፍ አይድንም፤ በማረፍ የሚመለሰው የጉድጓዱ ውሃ ነው። በበጋው ውሃው ወደ ታች ሸሽቶ ስለ ነበር ከሚመነጨው የሚቀዳው በልጦ ነበር። ፓምፑ ምንም በደል አልነበረበትም።

ስለዚህ ቁልፍ ከመያዝ አስቀድሞ መቍጠር ይገባል። ፓምፑ በጤናው ሳለ እጀታውን እስከ መጨረሻው እየሳቡ፥ ሳይቸኩሉም ሳይዘገዩም፥ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በስንት ምት እንደሚሞላ ተማሪዎች ይቍጠሩና በደብተር ይጻፉት። ቀጥሎ ውሃው በሙላት ሲወርድ ፓምፑን አቁመው ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ፤ ከዚያም ውሃው በስንተኛው ምት እንደሚመጣ ይቍጠሩ። እነዚህ ሁለት ቍጥሮች በየወሩ ቢጻፉ ለሒሳብ ትምህርት መልካም ልምምድ ይሆናሉ፤ ለመንደሩም ከብዙ ወጪ ይጠብቁታል።

ከዕረፍት በኋላ ውሃው ወዲያው እየመጣ ጀሪካኑን ለመሙላት ግን ምቱ ከቀድሞው ከበዛ፥ የፒስተኑ ጎማ አልቋል፤ ወይም በፒስተኑ ላይ ያለው ቫልቭ አይገጥምም። ከዕረፍት በኋላ ብዙ ምት የሚያስፈልግ ከሆነ ግን ውሃው ሌሊቱን ወደ ጉድጓዱ ተመልሷል ማለት ነው፤ የታችኛው ቫልቭ ያፈሳል፥ ወይም ውሃ የሚያወጣው ቧንቧ በአንድ ስፍራ ተሰንጥቋል። ሁለቱም ቍጥሮች አብረው ከጨመሩ ከታችኛው ቫልቭ መጀመር ይሻላል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከቫልቩ በታች የተቀረቀረ ጥቂት አሸዋ ስለሆነ አጥቦ መመለስ ይበቃል፤ ምንም አይገዛም። አሸዋው ደጋግሞ ከመጣ ግን ጥያቄው ስለ ጉድጓዱ እንጂ ስለ ፓምፑ አይደለም። እጀታው ድንገት ቀሎ ውሃው ፈጽሞ ከቀረ ዘንጉ ተቆርጧል ወይም ከማያያዣው ተፈትቷል።

እስካሁን የተናገርነው ሲሊንደሩ በጉድጓዱ ውሃ ውስጥ ስለ ተቀመጠ ፓምፕ ነው። ሲሊንደሩ ከውሃው በላይ ሲቀመጥ፥ በፋብሪካም ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፥ ሌላ ነገር ይጨመራል። ፓምፕ ውሃ «ይስባል» እንላለን እንጂ በእውነቱ ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው በዙሪያችን ያለው የአየር ክብደት ነው። የኢጣልያው ሊቅ ቶሪቼሊ ይህን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1644 ዓ.ም. አስረዳ፤ በ1648 ዓ.ም. ደግሞ የፓስካል እኅት ባል ፔሪዬ በፈረንሳይ ፑዪ ደ ዶም ወደሚባለው ተራራ ወጥቶ የአየሩ ግፊት ከፍ ባለ ስፍራ እንደሚቀንስ በሜርኩሪ ለክቶ አሳየ። በባሕር ጠረፍ አየሩ ውሃን ሊያነሣ የሚችለው 10.3 ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ከፍ ባለ አገር ግን ወደ 7.7 ሜትር ይወርዳል። በሥራ ላይ የሚገኘውም ከዚህ ያንሳል፤ ቧንቧው ይገታል፥ ቫልቩም ድርሻውን ይወስዳል። በቆላ ያለ ነቀፋ ሲሠራ የነበረ ፓምፕ ደጋ ወጥቶ ቢያንኳኳ ሊያስደንቅ አይገባም።

ማንኳኳቱ ትልቅ ምልክት ነው። ውሃው ሲሊንደሩን ሞልቶ ሳይደርስ ሲቀር በውስጡ ባዶ ስፍራ ይሆናል፤ ፒስተኑ ሲመለስ ያ ባዶ ስፍራ በድንገት ይደፈናል፤ ድምፁም በመዶሻ እንደ መምታት ይሰማል። ብረቱም ቀስ በቀስ ይቦረቦራል። ባለሙያ ያልሆነ ሰው ይህን ሲሰማ ሞተሩን ይፈታል፤ መመርመር የሚገባው ግን ውሃ የሚገባበት ቧንቧ ነው፤ ማጣሪያው ተደፍኖ ይሆናል፥ ወይም ቧንቧው ጠቧል። በመጋጠሚያው አየር ገብቶም ይሆናል። የአየር መግቢያውን ማግኘት አስቸጋሪ ነው፤ ወደ ውስጥ ስለሚስብ በውጭ አንዲት ጠብታ እንኳ አይታይም። ፓምፑ እየሠራ በየመጋጠሚያው ላይ ውሃ ሲያፈሱ ድምፁ የሚለወጥበት ስፍራ ቀዳዳው ያለበት ነው።

ድምፁ ደኅና ሆኖ የሚያወጣው ቧንቧ የሚንቀጠቀጥና የግፊት መለኪያው መርፌ የሚዘል ከሆነ ግን፥ የውሃውን መገፋት የሚያለዝበው የአየር ጋን አየሩን አጥቶ በውሃ ተሞልቶ ይሆናል። በዘንጉ ዙሪያ በተጠቀጠቀው ገመድ ላይ ጥቂት ጠብታ ቢታይ ደግሞ አትደንግጡ፤ ብዙ ጊዜ ያ ጠብታ ዘንጉን የሚያቀዘቅዘው ነው። ፈጽሞ ይድረቅ ብሎ ብሎኑን የሚያጠብቅ ሰው ገመዱን ያቃጥላል፥ ዘንጉንም ይፍቃል። ማናቸውንም ክፍል ከመፍታት በፊት ሞተሩ ይቁም፥ ማንም እንዳያስነሣው ይቆለፍ፥ በውስጡ የቀረውም ግፊት ይውጣ፤ መርፌው ዜሮ ላይ ሳይደርስ ብሎን አይነካም።