ጥቂት መንገድ በሄደ ኦቶሞቢል ላይ የፍሪሲዮን መርገጫ ሲይዝ፥ ምክንያቱን ስለ መመርመርና ስለ ማበጀት

በየወረዳው ላለ ሹም፥ ለእርሻ ጣቢያ አዛዥና ሰፊ እርሻ ላለው ሰው ሁሉ ኦቶሞቢል እንደ መልካም በቅሎ የሥራ ጓደኛ ሆኖአል። ዘር በጊዜው ለገበሬ የሚደርሰው፥ አንበጣ ወረደ በተባለም ጊዜ መርማሪው ፈጥኖ የሚደርሰው በእርሱ ነው። ነገር ግን ከዓመቱ የሚበዛውን ወራት በቤቱ ቆሞ የሚያሳልፍ ኦቶሞቢል ጥቂት አይደለም። ባለቤቱም የኪሎ ሜትር ቈጣሪውን ብቻ አይቶ ገና አዲስ ነው ብሎ ይተማመንበታል። በተፈለገበት ቀን ግን ነጂው ፍሪሲዮኑን ሲረግጥ መርገጫው ከታች ቀርቶ አልመለስ ይላል፤ ወይም በግማሽ መንገድ ይይዛል።

በዚህ ጊዜ ሁለት ስሕተት ይደረጋል። አንደኛው፥ ሳይጠይቁ ነጂውን አንተ አበላሸኸው ብሎ ከደመወዙ መቍረጥ ነው። ሁለተኛው፥ ሳይመረምሩ ካምቢዮው ይውረድ ብሎ ማዘዝ ነው። ካምቢዮ ማውረድ ብዙ ድካምና ብዙ ገንዘብ ይፈልጋል፤ ደዌው ግን ብዙ ጊዜ የሚገኘው በአረጀ ዘይትና በአንዲት ትንሽ ጎሚኒ ላይ ነው። ስለዚህ ሹማምንትና የእርሻ ባለቤቶች ራሳቸው ቁልፍ ይዘው ባይሠሩም፥ የምርመራውን ሥርዓት አውቀው ማዘዝና መቈጣጠር ይገባቸዋል።

የፍሪሲዮን አሠራር

ፍሪሲዮን የሞተሩን ኃይል ከካምቢዮው ጋራ የሚያገናኝና የሚለይ መሣሪያ ነው። በሞተሩ ጫፍ ቮላኖ የሚባል ከባድ የብረት መንኰራኵር አለ፤ በእርሱም ላይ ሸራ የለበሰ ዲስክ በብርቱ ሞላ ተጭኖ ይኖራል። ነጂው መርገጫውን በረገጠ ጊዜ ሞላው ዲስኩን ይለቀዋል፤ ያን ጊዜ ማርሽ ያለ ድምፅ ይገባል።

የእግር ኃይል ወደ ፍሪሲዮኑ የሚደርሰው በአንዳንዱ ኦቶሞቢል በሽቦ ገመድ ነው፤ በብዙው ግን በዘይት ነው። በመርገጫው አጠገብ ላይኛው ፖምፓ፥ በካምቢዮው ጎን ታችኛው ፖምፓ ይገኛል፤ ሁለቱንም ቀጭን የብረት ቱቦና አጭር የጎማ ቱቦ ያገናኛቸዋል። በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ያለ ፈሳሽ በአንድ ወገን ሲጫኑት ጭነቱን ወደ ሁሉም ወገን እኩል ያደርሳል። ይህንን ሕግ የገለጠው ከ1623 እስከ 1662 ዓመተ ምሕረት በፈረንጅ አቈጣጠር የኖረው የፈረንሳዩ ሊቅ ብሌዝ ፓስካል ነው። እግር ሲነሣ የፍሪሲዮኑ ሞላ ታችኛውን ፖምፓ መልሶ ይገፋዋል፤ ዘይቱም ወደ ላይ ተመልሶ መርገጫውን ያነሣዋል።

እንግዲህ መርገጫው አልመለስ ያለ እንደ ሆነ ነገሩ ከሦስት አንዱ ነው፤ ወይ ዘይቱ እንዳይመለስ ታግዶአል፤ ወይ ብረቱ እንዳይንቀሳቀስ ተይዞአል፤ ወይ መልሶ የሚገፋው ኃይል ጠፍቶአል። ምርመራው ሁሉ እነዚህን ሦስቱን ለመለየት ነው።

የቆመ ኦቶሞቢል ስለ ምን ይታመማል

የፍሪሲዮን ዘይት ከፍሬን ዘይት ጋራ አንድ ዓይነት ነው። ጠባዩም ከአየር ርጥበት መጠጣት ነው፤ ኦቶሞቢሉ ቢሄድም ቢቆምም ይጠጣል። ክረምቱን በእርጥብ ቤት የቆመ እንደ ሆነ በዘይቱ የገባው ውሃ የፖምፓውን ውስጥ ያዝገዋል። በዝገት የሻከረ ፖምፓ ጎሚኒውን ይይዘዋል፥ ይቈርጠዋልም። ጎማውም በዕድሜ ይደርቃል ወይም ያብጣል፤ ግራሶውም ከአቧራ ጋራ ይረጋል። ስለዚህ የኪሎ ሜትሩ ቍጥር ያነሰ ቢሆን የዓመቱን ቍጥር አይሽረውም።

ከዚህ የሚከፋው የሰው ስሕተት ነው። ዘይቱ ጐደለ ብሎ የሞተር ዘይት ወይም የመሪ ዘይት የሚጨምር አለ። እነዚህ ዘይቶች የፖምፓውን ጎሚኒ ያሳብጡታል፤ ያበጠውም ጎሚኒ የመመለሻውን ቀዳዳ ይደፍናል፤ መርገጫውም ይይዛል።

የምርመራው ሥርዓት

ከሁሉ አስቀድሞ ሞተሩን ማጥፋት፥ የእጅ ፍሬን መሳብ፥ ለጎማዎቹም ድንጋይ ማስደገፍ ያስፈልጋል። በክሪክ ብቻ ከተነሣ ኦቶሞቢል ሥር ሰው ከቶ አይግባ።

1ኛ፤ ከመርገጫው በታች መመልከት ነው። የወለሉ ምንጣፍ ተንሸራቶ ወይም ጭቃ ደርቆ መርገጫውን ይዞት ይገኛል። ይህ ምርመራ አንዲት ሳንቲም አያስወጣም።

2ኛ፤ ኮፒሊያውን አውጥቶ፥ መርገጫውን ከፖምፓው ዘንግ የሚያገናኘውን ፔርኖ ነቅሎ፥ መርገጫውን ብቻውን በእጅ ማንቀሳቀስ ነው። እየተፋተገ የሚሄድ እንደ ሆነ ደዌው በመዞሪያው ነው፤ ማጽዳትና ግራሶ መቀባት ይበቃዋል።

3ኛ፤ የዘይቱን ማጠራቀሚያ መክፈት ነው። ጤነኛ ዘይት ጥርት ያለ ነው፤ ጠቍሮ ወይም ደፍርሶ ከተገኘ አርጅቶአል። ጐድሎ ከተገኘም በሁለቱ ፖምፓዎችና በቱቦው ላይ የሚያፈሰውን ስፍራ መፈለግ ነው።

4ኛ፤ ፔርኖውን መልሶ መርገጫውን ደጋግሞ መርገጥ ነው። እየተረገጠ የሚጠነክርና የሚነሣ እንደ ሆነ አየር ገብቶአል፥ ወይም ጎሚኒው ዘይት ያሳልፋል። በአንዳንድ ኦቶሞቢል እግርን የሚያግዝ ሞላ ስላለ፥ የዘይቱ ኃይል ሲጠፋ ይህ ሞላ ራሱ መርገጫውን ከወለሉ ይዞ ያስቀረዋል፤ ይህም የተጣበቀ ይመስላል እንጂ አልተጣበቀም።

5ኛ፤ አንድ ሰው ሲረግጥ ሌላው የታችኛውን ፖምፓ ዘንግ ይመልከት። እግር ተነሥቶ ዘንጉ አልመለስ ካለ የአየር ማስወጫውን ቪቴ ጥቂት መፍታት ነው። ዘይቱ ተፈናጥሮ ዘንጉ ከተመለሰ፥ ዘይቱ ከበላይ ታግዶ ነበር ማለት ነው። ቪቴውን አጥብቆ፥ እንደ ገና ረግጦ፥ መርገጫው በያዘ ጊዜ ከጎማው ቱቦ በላይ ያለውን የብረት ቱቦ መጋጠሚያ መፍታት ነው። በዚህ ከለቀቀ ጥፋቱ የላይኛው ፖምፓ ነው፤ ካልለቀቀ ግን የጎማው ቱቦ በውስጡ አብጦ ተደፍኖአል።

6ኛ፤ ቪቴው ተፈትቶ እንኳ ዘንጉ ካልተመለሰ፥ ታችኛውን ፖምፓ ከካምቢዮው ላይ ፈትቶ ዘንጉን በእጅ መግፋት ነው። አልገባ ካለ ፖምፓው ዝጎአል። በቀላሉ ከገባ ግን ደዌው በውስጥ ባለው ሹካ ወይም በኩሽኔታው ነው። ለተያዘ መርገጫ ካምቢዮ እንዲወርድ የሚታዘዘው እዚህ ሲደርስ ብቻ ነው።

ከዚህ ሁሉ የተለየ አንድ ነገር አለ። መርገጫው በደንብ እየሄደ እየተመለሰ፥ የታችኛውም ፖምፓ ዘንግ በሙሉ እየተገፋ፥ ማርሽ ግን አልገባ ካለ፥ ዲስኩ በርጥበት ከቮላኖው ጋራ ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን ኦቶሞቢል ማርሽ አግብቶ ማስነሣት አደገኛ ነው፤ ፍሪሲዮኑ ስላልለየ ሞተሪኖው በተነካ ጊዜ ወደ ፊት ዘልሎ ሰው ይገድላል። ስለዚህ ለሠለጠነ መካኒክ ይተው።

አበጃጀቱ

ያረጀውን ዘይት በሙሉ አስወጥቶ፥ በኦቶሞቢሉ መጽሐፍ የታዘዘውን ዓይነት ካልተከፈተ ዕቃ መጨመር ነው፤ በብዙው ላይ ዶት 3 ወይም ዶት 4 የሚባለው ነው። ያበጠ የጎማ ቱቦ ይለወጣል እንጂ አይታደስም። የፖምፓው ውስጥ ለስላሳ ከሆነ ጎሚኒው ብቻ ይለወጣል፤ ዝገት ከበላው ግን ፖምፓው በሙሉ ይለወጣል። ጎሚኒ በቤንዚን ወይም በናፍጣ አይታጠብም፤ የሚታጠበው በራሱ በፍሬን ዘይት ነው። የማይገባ ዘይት ገብቶ ከተገኘ፥ ቱቦው ታጥቦ ዘይቱ የነካው ጎማ ሁሉ ይለወጥ። የሽቦ ገመድ ያለው ኦቶሞቢል ከሆነ፥ የዛገው ገመድ ይለወጥ።

አየሩን ለማስወጣት ከቪቴው ላይ ቀጭን ቱቦ ሰክቶ ጫፉን ዘይት ባለበት ብርጭቆ መንከር ነው። አንዱ ይረግጣል፤ ሌላው ቪቴውን ይፈታል፤ እግር ሳይነሣ ቪቴው ይጠብቃል፤ አረፋ እስኪጠፋ ድረስ ይደጋገማል። በዚህ ጊዜ የላዩ ማጠራቀሚያ አይጕደል። በመጨረሻም መርገጫው ሥራ ሳይጀምር በባዶ የሚሄደው ልክ እንደ መጽሐፉ ይስተካከል፤ በብዙ ኦቶሞቢሎች ከ5 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ነው። የፈሰሰው ዘይት ቀለም ስለሚያነሣ ፈጥኖ በውሃ ይታጠብ፤ መርዝም ስለ ሆነ ሕፃናት ከማይደርሱበት ይቀመጥ።

ስለ ጥበቃው

ሳይቃጠል በቅጠል እንደ ተባለው፥ የሚቆም ኦቶሞቢል በየሳምንቱ ተነሥቶ ጥቂት መንገድ ይሂድ፤ መርገጫውም ደጋግሞ ይረገጥ። ዘይቱ ቢሄድም ባይሄድም በየ2 ዓመቱ ይለወጥ። በአንዳንድ ኦቶሞቢል ፍሪሲዮንና ፍሬን ከአንድ ማጠራቀሚያ ስለሚጠጡ ነገሩ የነፍስ ነገር ነው፤ አዲስ ዶት 4 ዘይት 230 ዲግሪ ሙቀት ሳይደርስ አይፈላም፤ ከመቶ 3.7 እጅ ውሃ ሲገባበት ግን የመፍያው ልክ እስከ 155 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። በረዥም ቍልቍለት የፈላ ዘይት ፍሬን አይዝም።

በመዝገቡም ላይ ከኪሎ ሜትሩ ቍጥር አጠገብ ዘይቱ የተለወጠበት ቀን ይጻፍ። መካኒኩ ለወጥሁ ያለውን አሮጌ ዕቃ አምጥቶ ያሳይ። የዛገ ፖምፓና የጠቈረ ዘይት የዘመን ሥራ እንጂ የነጂው እግር ሥራ ስላልሆነ፥ በነጂው ላይ ከመፍረድ በፊት ሹሙ ይህን ዕቃ በዓይኑ አይቶ ይፍረድ።