ቀይ የቻይና ቴምር ለጤና ብለው ከመግዛትዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

ቻይናውያን ዳዛኦ ይሉታል። ቴምር ይባል እንጂ ከቴምር ዛፍ ጋር አይዛመድም፤ ዘመዱ የኛው ቁርቁራ ነው። ደም ይተካል፣ እንቅልፍ ያመጣል ሲባል ሰምተው ከሆነ ኪስዎን ከመፍታትዎ በፊት የሚከተሉትን ይዩ።

☐ ለየትኛው ሕመም ነው የፈለጉት?
በቻይና ባህላዊ ሕክምና ዳዛኦ ብቻውን ፈዋሽ ተደርጎ የሚታዘዘው ከስንት አንዴ ነው። ትልቁ ሥራው ሌላውን መድኃኒት ማለዘብ ነው። የዛሬ 1,800 ዓመት ገደማ የነበረው ሐኪም ጃንግ ጆንግጂንግ በደረትና በሆድ የተጠራቀመ ውኃ ለማስወጣት ክፉኛ የሚያስቀምጡ ሦስት ዕፅዋት ያዝዝ ነበር። ዱቄታቸው የሚዋጠው 10 ፍሬ ዳዛኦ በተቀቀለበት ውኃ ነው፣ ጨጓራ እንዳይጎዳ። ኮሶ የጠጣ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። በሌላ ማዘዣው ደግሞ 12 ፍሬ ከዝንጅብልና ከቀረፋ ቀንበጥ ጋር ይቀቀላል፤ ፍሬው መጀመሪያ እንዲሰነጠቅም ያዛል። ሳይሰነጥቁ ውኃ ውስጥ ጥለው ጣዕም አጣሁ የሚሉ ካሉ ምክንያቱ ይኸው ነው።

☐ ደም ማነስ ካለብዎ
ቀይ ቀለሙ አያታልልዎ። 100 ግራም ደረቅ ፍሬ፣ ያውም ብዙ ነው፣ የሚሰጠው ብረት 2 ሚሊ ግራም ገደማ ቢሆን ነው። የወር አበባ የምታይ ሴት በቀን 18 ሚሊ ግራም እንድታገኝ ይመከራል። ደምዎን ያስመርምሩ።

☐ እንቅልፍ ፈልገው ከሆነ
ቻይናውያን ለእንቅልፍ በዋናነት የሚያዝዙት የጎምዛዛውን የዱር ዓይነት ዘር ነው። እርስዎ የሚገዙት ከረጢት ውስጥ ያለው ግን የጣፋጩ ዓይነት ሥጋ ነው። ዘሩን ካገኙና የእንቅልፍ ኪኒን የሚወስዱ ከሆነ ሳይደባልቁ ሐኪምዎን ይጠይቁ።

☐ ስኳር አለብዎ?
ከደረቁ ፍሬ 70 በመቶ ያህሉ ካርቦሃይድሬት ነው፣ አብዛኛውም ስኳር። "ተፈጥሯዊ ነው" የሚለው ቃል ይህን አይለውጠውም።

☐ ሆድዎ ይነፋል?
የቻይና ሐኪሞች ራሳቸው ሆዱ ለሚነፋና አክታ ለበዛበት ሰው አይመክሩትም።

☐ ስንት ይበሉ?
የቻይና መንግሥት የመድኃኒት መጽሐፍ የሚያስቀምጠው ከ6 እስከ 15 ግራም ነው፤ እንደ ፍሬው ትልቅነት ከ2 እስከ 5 ቢሆን ነው። በእፍኝ የሚበላ ሰው መድኃኒት ሳይሆን ጣፋጭ እየበላ ነው፣ ክፋት የለውም፣ ግን ይወቀው።

☐ ሲገዙ
ከተቻለ አንዱን ሰንጥቀው ውስጡን ይዩ። ትል ወይም ሻጋታ ሁልጊዜ ከውጭ አይታይም።