ሰማንያ ሲቀደድ
ጠበቃ ሳይዝ ወደ ዳኛ ስለሚቀርብ ሰው የተጻፈ ትምህርት

የተወደድህ አንባቢ ሆይ፥ ስለ ፍቺ መጻፍ ደስ የሚያሰኝ ሥራ አይደለም። ጋብቻ እስከ ሞት ድረስ እንዲጸና የተሰጠ ኪዳን ነውና፥ ሰው አስቀድሞ ለዕርቅ ሊደክም ይገባዋል። ነገር ግን የቤት ምሰሶ ተሰብሮ ጣሪያው በሚወርድበት ጊዜ፥ በውስጡ ያሉት ሕፃናት ሳይጎዱ የሚወጡበትን መንገድ ማሰብ ግድ ነው። ስለዚህ ይህን የምጽፍልህ ፍቺን ላስወድድህ ሳይሆን፥ መለያየት የማይቀርለት ሰው በሐሰትና በግፍ እንዳይለያይ ነው። አንቺም እኅቴ ሆይ፥ ይህ ቃል ለአንቺ ደግሞ የተጻፈ ነው።

ብዙ ሰዎች «ለጠበቃ የምከፍለው ገንዘብ የለኝምና ነገሬን ወዴት እወስደዋለሁ?» ሲሉ እሰማለሁ። ከዚህም የተነሣ አንዱ ሳይፋታ ተለይቶ ይኖራል፤ ሌላው ደግሞ በሽማግሌ ፊት ወረቀት ስለ ጻፈ የተፋታ ይመስለዋል። እኔም ራሴ በዚህ ስሕተት ተካፍያለሁና አልሰውርህም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአዲስ አበባ፥ ወንጌል በማስተምርበት ሰፈር፥ አሥራ አንድ ዓመት አብረው የኖሩ ባልና ሚስት ተጣሉ። ሦስት ሆነን ለሽምግልና ሄድን፤ ብዙም ለመንናቸው። እንቢ ባሉን ጊዜ ወረቀት አውጥተን «ከዛሬ ጀምሮ ተፋትተዋል» ብለን ጻፍን፤ የቆርቆሮ ቤታቸው በባልየው ስም ነውና ለእርሱ፥ የልብስ ስፌት መኪናውን ለሚስቲቱ ሰጥተን ፈረምን። መልካም የሠራን መስሎን ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ሴቲቱ ያን ወረቀት ይዛ ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት ብትሄድ፥ የፍርድ ቤት ውሳኔ ካልሆነ አንቀበልም አሏት። እያለቀሰች ወደ ቤቴ መጥታ «ጋሼ፥ እኔ አሁን ባል ያለኝ ነኝ ወይስ የሌለኝ?» አለችኝ። የምመልስላትን አጣሁ።

እንግዲህ መጀመሪያ ይህን እወቅ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺን የመወሰን ሥልጣን ለቤተ ዘመድ የሽምግልና ዳኞች ሰጥቶ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ፥ ይኸውም አዋጅ ቁጥር 213/1992፥ ሥልጣኑን ከሽማግሌዎች ወስዶ ለፍርድ ቤት ብቻ ሰጠ። ሽማግሌ ያስታርቃል፥ ይመክራል፤ አያፋታም። በቤተ ክርስቲያን የተጋባም፥ በባህል የተጋባም፥ በክብር መዝገብ ሹም ፊት የተፈራረመም ሁሉ በፍቺ ነገር አንድ ሕግ አላቸው። ይህ አዋጅ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው፤ በክልል የምትኖር ብትሆን ብዙዎቹ ክልሎች የራሳቸውን የቤተ ሰብ ሕግ አውጥተዋልና፥ የክልልህን ሕግ በአቅራቢያህ ካለው ፍርድ ቤት ጠይቅ።

ሁለተኛ፤ ጠበቃ መያዝ ፈቃድ እንጂ ግዴታ አይደለም። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ባለ ጉዳይ ራሱ ቀርቦ ነገሩን እንዲናገር ይፈቅዳል። የዳኝነት ገንዘብ የሚከፍለው የሌለው ድኻም፥ ድኽነቱን አስረድቶ ሳይከፍል ይከስስ ዘንድ በዚያው ሕግ መንገድ ተከፍቶለታል።

ሦስተኛ፤ መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው የስምምነት መንገድ ነው፤ ባልና ሚስት ለመለያየት ተስማምተው፥ ስለ ልጆቻቸውና ስለ ሀብታቸውም ውል ጽፈው፥ ፍርድ ቤቱ እንዲያጸድቅላቸው በአንድነት ይለምናሉ። የተጣሉበትን ምክንያት እንዲገልጹ አይገደዱም። ሁለተኛው አንዱ ወገን ብቻ የሚያመለክትበት መንገድ ነው። በሁለቱም መንገድ ዳኛው አስቀድሞ ይመክራቸዋል፤ ነገሩንም ደግመው እንዲያስቡ ከሦስት ወር የማይበልጥ ጊዜ ሊሰጣቸው ይችላል። ይህን ጊዜ እንደ መጉላላት አትቍጠረው፤ በቍጣ የተነሣ ሰው ልቡ የሚመለስበት ጊዜ ነውና። አንዱ ወገን ብቻ ባመለከተ ጊዜ ግን ፍርድ ቤቱ ስለ ቀለብ፥ ስለ ልጆችና ስለ ንብረት ጊዜያዊ ትእዛዝ ይሰጣል፤ ስለዚህ ልጆቹ እስከ ፍርዱ ቀን ሊራቡ አይገባም።

አራተኛ፤ ጠበቃ ለሌለው ሰው ከሁሉ የሚሻለው በስምምነት የተጻፈ ግልጥ ውል ነው። በውሉ ውስጥ እነዚህን ጻፉ። ልጆቹ ከማን ጋር እንደሚኖሩ፤ ሌላው ወላጅ በየትኛው ቀን እንደሚያያቸው፤ ቀለባቸው ስንት ብር እንደ ሆነና በወሩ በስንተኛው ቀን እንደሚከፈል። «እንደ አቅሙ ይረዳል» ብላችሁ አትጻፉ፤ እንዲህ ያለ ቃል ነገ ሌላ ክስ ይወልዳል። ከዚያም ሀብቱን ቍጠሩ። ከጋብቻ በፊት የነበረው፥ ከጋብቻም በኋላ በውርስ ወይም በስጦታ የተገኘው የግል ነው። በጋብቻ ውስጥ የተገኘው ሌላው ግን፥ በአንዱ ስም ቢመዘገብ እንኳ፥ የግሉ መሆኑን ካላስረዳ በቀር የጋራ ነው፤ ልዩ ውልም ከሌለ እኩል ይካፈሉታል። ለቤት ጥቅም የተበደሩት ዕዳም የሁለቱ ነውና አብራችሁ ቍጠሩት። ዳኛው ውሉ በነጻ ፈቃድ የተደረገ መሆኑን ይመረምራል፤ ልጆቹን ወይም አንዱን ወገን የሚጎዳ ሆኖ ቢያገኘው ፍቺውን አጽድቆ የቀረውን እርሱ ራሱ ሊወስን ይችላል።

አምስተኛ፤ ስለ ጽሕፈቱ። በማመልከቻህ የፍርድ ቤቱን ስም፥ የሁለታችሁን ስምና አድራሻ፥ የተጋባችሁበትን ቀንና ቦታ፥ የልጆቹን ስምና ዕድሜ፥ የምትለምነውንም ነገር ለይተህ ጻፍ፤ በመጨረሻም የጻፍኸው እውነት መሆኑን አረጋግጠህ ፈርም። የጋብቻውን ማስረጃ፥ የልጆቹን የልደት ምስክር ወረቀት፥ የንብረቱንም ሰነድ ከነግልባጩ አያይዝ፤ ምስክሮች ቢኖሩህ ስማቸውን ዘርዝር። አሳጥረህ ጻፍ። ስድብ ማስረጃ አይሆንም፤ የልጆችህም እናት ነውር በመዝገብ ውስጥ ሲኖር ልጆችህ አድገው ያነብቡታል።

ስድስተኛ፤ ቀጠሮህን አክብር፤ ከሳሽ ሳይቀርብ ቢቀር መዝገቡ ሊዘጋ ይችላልና። ዳኛው ሲጠይቅህ የተጠየቅኸውን ብቻ መልስ፤ ያልገባህንም አልገባኝም በል። ፍቺው በተወሰነ ጊዜ የውሳኔውን ግልባጭ ተቀበል፤ ሳትዘገይም በክብር መዝገብ አስመዝግብ፤ ፍቺ እንደ ልደትና እንደ ሞት የሚመዘገብ ነገር ነውና።

ነገር ግን ማንም ብቻውን ይሂድ አልልም። ድብደባ ያለባት ሴት፥ ሀብቱ የተሸሸገበት ሰው፥ የትዳር ጓደኛውም በውጭ አገር የሚኖር ሰው የሕግ አዋቂ ምክር ያስፈልገዋል። ለሴቶችም የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ያለ ዋጋ ምክር ሲሰጥ ቆይቷል። ለዕርቅ ብለህ የምትደበደበውን ሴት ወደ ሚደበድባት ቤት አትመልሳት።

አሁን ወደዚያች ሴት ነገር ልመለስ። ባልየውን ፈልጌ አገኘሁትና ሁለቱ በስምምነት ማመልከቻ ጻፉ፤ ውሉንም እኛ ሽማግሎች እንደ ከፈልነው አድርገው ገለበጡት። እኔም ዝም አልሁ። በችሎት ዳኛዋ ውሉን አንብባ ባልየውን «ይህ ቤት የተሠራው ከሠርጋችሁ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» ብላ ጠየቀችው። በአጠገቡ ስለ እርሱ የሚመልስለት ጠበቃ አልነበረም። ወደ እኔ ተመለከተ፤ እኔም ዓይኔን ወደ ምድር ጣልሁ። ብዙ ዝም ካለ በኋላ «በኋላ ነው፤ ጭቃውን እርስዋ አቡክታለች» አለ። በዚያ አንድ ቃል የቤቱ እኩሌታ ለሴቲቱ ሆነ።

አንባቢ ሆይ፥ ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህን ተምሬአለሁ። ያለ ጠበቃ የሚቀርብ ሰው የሚያጣው ነገር አለ፤ የሕግ ዕውቀት ያንሰዋል፤ ይህንም በመጠየቅና በመጠንቀቅ ሊሞላው ይችላል። የሚያገኘው ነገር ግን ደግሞ አለ፤ ቃሉ የራሱ ነው፥ የሚሸሸግበትም የሰው አንደበት የለውም። እኛ ሽማግሎች ከፈረምንበት ወረቀት ይልቅ የዚያ ሰው አንድ የእውነት ቃል የበለጠ ፍርድ ነበረ። አንተም በዳኛ ፊት የምትቆምበት ቀን ቢመጣ፥ ከቤትህ ከመውጣትህ በፊት ያንኑ ጥያቄ ራስህን ጠይቅ፤ ጭቃውን ያቦካው ማን ነበር?