27 ናሙና፣ 9 ምርመራ



«ሒሳብ ለዲን ምን ይጠቅማል?» የሚል ጥያቄ በጀመዓችን በየጊዜው ይነሳል። ኢማም አል-ገዛሊ በኢሕያእ ዑሉሚዲን ሕክምናንና ሒሳብን ከፈርዱል ኪፋያ ዕውቀቶች ቆጥረዋቸዋል፤ የሚያውቀው ከጠፋ ሁሉም ይጠየቃል ማለት ነው። ብዙዎቻችን ግን ይህን ስንሰማ የሚታየን ውርስ ማካፈልና ዘካ ማስላት ብቻ ነው።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ኮሮና አገራችን መግባቱ ተነገረ። ዩኒቨርሲቲዎች ተዘጉ፣ የዚያን ዓመት ተራዊሕ በየቤታችን ሰገድን። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ጣዑን ወዳለበት አገር እንዳንገባ፣ ካለንበትም ሸሽተን እንዳንወጣ አስተምረውናል። ይህን ለመፈጸም በሽታው የት እንዳለ ማወቅ ያስፈልጋል፤ መመርመሪያው ደግሞ ጥቂት፣ ዋጋውም ውድ ነበር።

ሩዋንዳ ውስጥ ዊልፍሬድ ንዲፎን፣ ኒል ቱሮክ፣ ሐኪሙ ሊዮን ሙቴሳና በተለያዩ አገሮች ያሉ ባልደረቦቻቸው በዚህ ላይ ሠሩ። ሥራቸው በ2021 እ.ኤ.አ. ኔቸር መጽሔት ላይ ታተመ። መነሻው አሮጌ ሐሳብ ነው፤ አሜሪካዊው ሮበርት ዶርፍማን በ1943 የብዙ ሰዎችን ደም ቀላቅሎ በአንድ ጊዜ መመርመርን አቅርቦ ነበር። 100 ሰው በአሥር በአሥር ቢቀላቀልና አንድ ብቻ ቢታመም፣ 10 ምርመራ የታማሚውን ቡድን ያሳያል፣ ሌላ 10 ሰውየውን ይለያል። በጠቅላላው 20። ግን ሁለት ዙር ይፈጃል፣ በወረርሽኝ ጊዜ ደግሞ አንድ ቀንም ብዙ ነው።

የእነ ንዲፎን ዘዴ ይህንን ያሳጥራል። ከይጁቤና ከአካባቢው 27 ሰዎች ናሙና ሰጡ እንበል። ለእያንዳንዱ ከ1፣ 2 እና 3 ብቻ የተሠራ ባለ ሦስት አሃዝ ቁጥር እንስጥ፤ ከ111 እስከ 333 በትክክል 27 ይሆናሉ። የመጀመሪያ አሃዛቸው 1 የሆኑትን ቀላቅለን እንመርምር፣ ከዚያ 2 የሆኑትን፣ ከዚያ 3 የሆኑትን። በሁለተኛውና በሦስተኛው አሃዝም እንዲሁ። በጠቅላላው 9 ምርመራ፣ ሁሉም በአንድ ዙር። ቫይረሱ ከመጀመሪያው አሃዝ በ2፣ ከሁለተኛው በ1፣ ከሦስተኛው በ3 ላይ ብቻ ቢገኝ ታማሚው 213 ነው። ሌላ ሊሆን አይችልም።

ታማሚዎቹ ሁለት ከሆኑ ውጤቱ ሊያሻማ ይችላልና ዳግም ምርመራ ይጠይቃል። በሽታው በጣም ከተስፋፋማ ሁሉም ቅልቅል ቫይረስ ይገኝበትና ዘዴው ከንቱ ይሆናል። የሚያዋጣው ታማሚው ጥቂት ሳለ፣ ገና በጠዋቱ ነው።

ለቀጣዩ ደርስ 81 ሰዎችን ባለ አራት አሃዝ ቁጥር ሰጥታችሁ ሞክሩት። ታማሚው አንድ ከሆነ 12 ምርመራ ይበቃል፤ ለምን እንደሆነ ሠርታችሁ ኑ፣ ኢንሻአላህ አብረን እናየዋለን።